ባህል፣ ማንነት፣ ሶሻላይዜሽን፦ ትርጉሙን ከመሸምደዳችሁ በፊት

የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎችን ሶሲዮሎጂ፣ ማለትም የማህበረሰብ ጥናት፣ ማስተማር ከጀመርኩ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። በየዓመቱ የመጀመሪያውን ፈተና ሳርም አንድ ዓይነት መልስ ይደጋገምብኛል። «ባህል ማለት የአንድ ማህበረሰብ የአኗኗር ዘይቤ ነው።» ልክ ነው። ከሥሩ «ከራስህ ሕይወት ምሳሌ ስጥ» የሚል ጥያቄ አለ። እዚያ ላይ ወይ ባዶ ይተዋል፣ ወይ «አለባበስ፣ ሙዚቃ፣ ጭፈራ» ተብሎ ይታለፋል። ተማሪው ቃሉን ይዞታል። ነገሩን ግን አላየውም።

ይሄ የስንፍና ጉዳይ አይደለም። እነዚህ ቃላት የሚሰይሙት ከልጅነታችን ጀምሮ የምንኖርበትን ነገር ነው። በየቀኑ የምንኖርበት ነገር ደግሞ አይታየንም። ስለዚህ እኔ ትርጉም በማስጻፍ አልጀምርም። ደብተር አስይዝና አንድ ትዕይንት አስመዘግባለሁ። ከዚያ ቃላቱን አንድ በአንድ እዚያው ትዕይንት ላይ እንሞክራቸዋለን። ለፈተና የምትዘጋጁም ሆነ ለራሳችሁ የምታነቡ፣ እዚህ የማሳያችሁ ያንን መንገድ ነው። በስም የምጠቅሳቸው ሰዎች ሰውንና ማህበረሰብን ያጠኑ ምሁራን ናቸው። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ፦ የተሸማቀቃችሁበትን ቅጽበት ጻፉ

በዚህ ሳምንት ያፈራችሁበትን፣ የተሸማቀቃችሁበትን ወይም ሰው ዞር ብሎ ያያችሁበትን አንድ ቅጽበት ምረጡ። ትልቅ ነገር አትፈልጉ። ከአንድ ደቂቃ ያልበለጠ ይሁን። የት ነበራችሁ? ማን ነበረ? እጁ ምን አደረገ? ዓይኑ ወዴት ሄደ? «አክብሮት የለውም» ብላችሁ አትጻፉ። ያ ፍርድ ነው። ያያችሁትን ብቻ አስፍሩ።

ለምን ማፈር? ደንብ ሲከበር አይታይም። የሚታየው ሲጣስ ነው። ሊፍት ውስጥ ስትገቡ ፊታችሁን ወደ በሩ ታዞራላችሁ። ማንም አላስተማራችሁም፣ ግድግዳው ላይም አልተጻፈም። አንድ ሰው ገብቶ ፊቱን ወደ እናንተ አዙሮ ቢቆም ግን ደንቡ መኖሩን ወዲያው ታውቁታላችሁ።

አሜሪካዊው ሃሮልድ ጋርፊንክል ይህንን ዘዴ አድርጎ ሠርቶበታል። ተማሪዎቹ ከ15 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ድረስ በገዛ ቤታቸው እንደ ተከራይ ሆነው እንዲቆዩ አደረገ። በጨዋነት ይናገራሉ፣ ካልተጠየቁ አይናገሩም፣ ፈቃድ ይጠይቃሉ። ምንም ክፉ ነገር አላደረጉም። ቤተሰቦቻቸው ግን ግራ ተጋቡ፣ ታመው እንደሆነ ጠየቁ፣ አንዳንዶቹ ክፉኛ ተቆጡ። ሥራው በ1967 ታትሞ ወጣ። እናንተ ይህንን ቤታችሁ እንድትሞክሩ አልመክርም። ወላጅን ማስደንገጥ ለአንድ የቤት ሥራ አይገባም። ሳይታሰብ የተሰበረ ደንብ በየቀኑ ስለማይጠፋ እሱን መጠበቅ ይበቃል።

አሁን እስከ መጨረሻው ይዘነው የምንሄደውን ትዕይንት ላሳያችሁ። ከአንድ ተማሪዬ ደብተር ነው፣ ፈቅዶልኛል።

«ሐኪም ቤት ተራ እየጠበቅሁ ነበር። ክፍሉ ውስጥ 12 ወንበር አለ። አንዲት ሴት ብቻ ተቀምጣለች። ሄጄ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ምንም አላለችም። ዞር ብላም አላየችኝም። ቦርሳዋ በመሃላችን ነበር። አነሳችና ጭኗ ላይ አደረገችው። ከዚያ ማንገቻውን እጇ ላይ ሁለት ጊዜ ጠመጠመችው።»

ይኸው ነው። ሁለቱም አንድ ቃል አልተነፈሱም። ግን የአንድ ሴሚስተር ትምህርት እዚህ ውስጥ አለ።

ቦርሳውን አንድ ጊዜ አንብቡት፦ ባህል

በመጀመሪያው ንባብ የምትጠይቁት ጥያቄ «እዚህ ያለው ደንብ ምንድን ነው?» የሚል ነው።

ክፍት ቦታ ሞልቶ ሳለ ከማታውቀው ሰው ጎን አትቀመጥም። ይሄ ኖርም ነው፣ ማለትም ደንብ። ከደንቡ ጀርባ ሰው ዋጋ የሚሰጠው ነገር አለ፦ የራስ ቦታ፣ ደህንነት፣ አለመረበሽ። ይሄ እሴት ነው። ደንብ «እንዲህ አድርግ» ይላል። እሴት ደግሞ «ይሄ ይበልጣል» ይላል። ተማሪዎች ሁለቱን ሲያምታቱ አንድ ነገር እላቸዋለሁ፦ ደንብን በዓይን ማየት ትችላላችሁ፣ እሴትን ግን ጠይቃችሁ ወይም ገምታችሁ ነው የምትደርሱበት።

ቦርሳው መነሳቱስ? እሱ ቅጣት ነው። ደንብ ሲጣስ የሚመጣ ቅጣትም ሆነ ሲከበር የሚመጣ ሽልማት በትምህርቱ ሳንክሽን ይባላል። ብዙ ተማሪ ቅጣት ሲባል ፖሊስና ዳኛ ይታየዋል። በቀን ውስጥ የምንቀበለው ቅጣት ግን አብዛኛው እንዲህ ያለ ነው፦ ዝም መባል፣ አጭር መልስ፣ የተነሳ ቅንድብ፣ የተነሳ ቦርሳ። ሽልማቱም እንደዚያው ነው። ፈገግታ ሳንክሽን ነው።

ዊሊያም ግራሃም ሳምነር በ1906 ደንቦችን በክብደታቸው ለይቷቸዋል። ቀላሉ ልማድ ነው። ከባዱን በእኛ ቋንቋ ነውር ብለን ብንጠራው ብዙም አንርቅም። መለያው ቀላል ነው። ደንቡን ብታፈርሱ ምን ይገጥማችኋል? «ወይ ጉድ፣ ግራ የገባው ሰው ነው» ከተባላችሁ ልማድ ነው። «ይሄ ሰው ነው?» ከተባላችሁ ነውር ነው። መዝገብ ተከፍቶ ከተከሰሳችሁ ሕግ ነው። የተማሪዬ ጥፋት የልማድ ጥፋት ነበር። እጁን ወደ ቦርሳው ቢሰድ ኖሮ ነውርም ሕግም ይሆን ነበር።

ባህል የሚለውን ሰፊ ቃል ለመያዝ ደግሞ ኤድዋርድ ታይለር በ1871 የሰጠውን ትርጉም ፈልጋችሁ አንብቡ። እውቀትን፣ እምነትን፣ ሥነ ጥበብን፣ ግብረ ገብን፣ ሕግንና ልማድን ይዘረዝራል። ዝርዝሩን አትሸምድዱት። መጨረሻው ላይ ያለው ሐሳብ ነው ቁልፉ፦ ሰው የማህበረሰብ አባል በመሆኑ ያገኘው። አብሮት ያልተወለደ፣ ያገኘው። ማዛጋት ባህል አይደለም። ስታዛጉ አፍን በእጅ መሸፈን ባህል ነው። ማልቀስ ባህል አይደለም። የት፣ በማን ፊት፣ ስንት ደቂቃ እንደሚለቀስ ማወቅ ባህል ነው።

ቁሳዊ ባህልና ቁሳዊ ያልሆነ ባህል የሚለው ክፍፍል ብዙም አያስቸግርም፦ ወንበሩ ቁሳዊ ነው፣ የት መቀመጥ እንዳለባችሁ ማወቁ ቁሳዊ አይደለም። ዊሊያም ኦግበርን በ1922 ያከለበት ነገር ግን ይጠቅማችኋል። ዕቃው ይቀድማል፣ ደንቡ ዘግይቶ ይደርሳል። የእጅ ስልክ መጣ፤ ሰው እያናገረን ስክሪን ማየት ነውር ይሁን አይሁን ግን ዛሬም ገና እየተከራከርንበት ነው። ኦግበርን ይህንን የባህል መዘግየት ብሎታል።

አንድ ልምምድ ልጨምር። ጠዋት ከእንቅልፍ ስትነሱ የምታደርጉትን፣ ቋንቋችሁን የማያውቅ እንግዳ እንዳየው አድርጋችሁ ጻፉ። ሆረስ ማይነር የተባለ አሜሪካዊ አንትሮፖሎጂስት በ1956 ይህንን አድርጎታል። ናሲሬማ ስለሚባሉ ሕዝቦች ጻፈ። በየቤታቸው የሥርዓት ማካሄጃ ክፍል አላቸው። ግድግዳው ላይ በተሠራ ሳጥን ውስጥ መድኃኒት ያከማቻሉ። አፋቸው ውስጥ የጸጉር ጥቅል እየከተቱ ይፈትጋሉ። አንባቢው «እነዚህ ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው» ይላል። ስሙን በእንግሊዝኛ ፊደል ከኋላ ወደ ፊት ሲያነበው ግን አሜሪካን ይሆናል። የጸጉሩ ጥቅል የጥርስ ብሩሽ ነው።

ይህንን ልምምድ ከሠራችሁ ኤትኖሴንትሪዝም የሚለው ቃል ሳይነገራችሁ ይገባችኋል። የራስን ባህል የሁሉ መለኪያ ማድረግ ማለት ነው። ተቃራኒው ባህላዊ አንጻራዊነት ነው፦ አንድን ልማድ መጀመሪያ በባለቤቶቹ ዓይን ማየት። እዚህ ላይ በየዓመቱ የሚነሳ ጥያቄ አለ። «ታዲያ ሰው የሚጎዳ ልማድንም ልንቀበል ነው?» አይደለም። መረዳት ሌላ፣ መደገፍ ሌላ። እኔ አንጻራዊነትን የማስተምረው እንደ ሥራ ቅደም ተከተል ነው። ከመፍረድ በፊት ሰዎቹ ለምን እንደሚያደርጉት ማወቅ አለባችሁ። ካወቃችሁ በኋላ ፍርዱ የእናንተ ነው።

ሁለተኛው ንባብ፦ ማን አስተማራት?

ሴትየዋ ቦርሳውን ስታነሳ ቁጭ ብላ አላሰበችም። እጇ ነው ያሰበው። እጅ እንዲህ እንዲያስብ የሚያደርገው፣ ሰው የማህበረሰቡን ደንብ ተምሮ የራሱ የሚያደርግበት ረጅም ሂደት ሶሻላይዜሽን ነው። «ማህበራዊነት» ብለው የሚተረጉሙት አሉ። እኔ ግን ቃሉን እንዳለ እተወዋለሁ፤ ማህበራዊነት ሲባል ተማሪዎቼ ተግባቢ መሆን ስለሚመስላቸው። ጭምት ሰውም፣ ሰው የማይወድ ሰውም በሚገባ ሶሻላይዝድ ነው።

ነገሩን በደንብ ያየሁት ቤቴ ውስጥ ነው። ልጄ አራት ዓመቷ ነበር። በሩ አጠገብ ያሉትን ጫማዎች ሁሉ በሁለት ረድፍ ደርድራቸዋለች። የአባቷ ትልልቅ ጫማዎች ከኋላ፣ የእሷ ትንንሾች ከፊት። ፊት ለፊታቸው ቆማ ወገቧን ይዛለች። ከዚያ አንደኛዋን ነጠላ ጫማ በጣቷ እየጠቆመች «ስንት ጊዜ ልንገርሽ? አሁን አንቺ ትልቅ ልጅ ነሽ?» አለቻት። ቃሉ የእኔ ነው። ድምፁም የእኔ ነው። «አሁን» የሚለው ላይ የማሳርፈው ጫና ሳይቀር የእኔ ነው። እኔ እንደዚያ አድርጌ እንደምናገር እስከዚያች ቀን አላውቅም ነበር። ኩሽና በር ላይ ቆሜ ቀረሁ።

ጆርጅ ኸርበርት ሚድ የሚለው ይህንን ነው። ሚድ በ1931 ሞተ፣ በ1934 የወጣው ዋና ሥራው ተማሪዎች ከትምህርቱ ከያዙት ማስታወሻ የተሰባሰበ ነው። ልጅ መጀመሪያ ዝም ብሎ ይኮርጃል። ቀጥሎ የአንድን ሰው ሚና ወስዶ ይጫወታል፦ እናት፣ ሐኪም፣ አስተማሪ። ልጄ እዚህ ላይ ነበረች። ጫማዋን ስትቆጣ እኔን ሆና እሷን እያየች ነው። ራስን በሌላ ሰው ዓይን ማየት የሚጀመረው እዚያ ነው። ሦስተኛው ደረጃ ሕግ ያለው ጨዋታ ነው። ሚድ የቤዝቦል ምሳሌ ይሰጣል፣ እኔ እግር ኳስ እላለሁ። በረኛ ለመሆን የአንድ ሰው ሚና ማወቅ አይበቃም። አጥቂው፣ ተከላካዩ፣ ዳኛው ምን እንደሚጠብቁ በአንድ ጊዜ መያዝ አለብህ። ልጁ እንዲህ እያለ ከተለያዩ ሰዎች ዓይን አልፎ የሁሉንም ዓይን በአንድ ላይ ውስጡ ያስቀምጣል።

ያንን የሁሉንም ዓይን ሚድ በእንግሊዝኛ ለየት ባለ ስም ይጠራዋል፣ ተማሪዎችም ሲሸመድዱት ይከብዳቸዋል። በአማርኛ ግን ከድሮ ጀምሮ ቃል አለን፦ ይሉኝታ። «ይሉኛል» ስትሉ እነማን ናቸው የሚሉት? «ስማቸውን ጥሩ» ብንባል መጥራት አንችልም። አባቴም፣ ጎረቤቴም፣ መንገድ ላይ ያለፈውም ሰው አይደሉም። ሁሉም ናቸው፣ ማንም አይደሉም። ሚድ የሚለው እነሱን ነው። ቃሎቹ ፍጹም አንድ አይደሉም። ይሉኝታ ውስጥ ጭንቀት አለ። የሚድ ሐሳብ ግን ያለዚያ ዓይን ራስ የሚባል ነገር አይኖርም እስከማለት ይሄዳል። ቢሆንም ለመግቢያ ከዚህ የተሻለ በር አላገኘሁም።

ያለ ሰው ያደገ ልጅ ምን ይሆናል? ኪንግስሊ ዴቪስ በአሜሪካ ኢዛቤል በሚል ስም ስለምትጠራ ልጅ ጽፏል። በ1938 ስትገኝ ስድስት ዓመት ተኩል ገደማ ነበረች። መስማትና መናገር ከማትችል እናቷ ጋር ተዘግቶባት ነው የኖረችው። ንግግር አታውቅም ነበር። ባለሙያዎች በትጋት ሠሩባት፣ በሁለት ዓመት ገደማ እኩዮቿ ላይ ደረሰች። ያ ሁሉ ችሎታ ውስጧ ነበር። ያጣችው የሚያወጣላትን ሰው ነው። ይህንን ክፍል ሳስተምር ክፍሉ ጸጥ ይላል።

ከዚህ በኋላ ያሉት ክፍፍሎች ይቀላሉ። ቀዳሚ ሶሻላይዜሽን በልጅነት፣ ከቅርብ ሰዎች፣ ከስሜት ጋር የሚመጣ ነው። ሁለተኛው ሶሻላይዜሽን ደግሞ ሰው ትምህርት ቤት፣ ሥራ፣ ሙያ ውስጥ ሲገባ ይመጣል። ፒተር በርገርና ቶማስ ሉክማን በ1966 ያሰፈሩት ልዩነት ነው። ቤተሰብ፣ እኩዮች፣ ትምህርት ቤት፣ ሃይማኖት፣ ሚዲያ፣ የሥራ ቦታ አስተማሪዎቹ ናቸው። ይህንን ዝርዝር ሁሉም ይጽፈዋል። ነጥብ የሚያስገኘው ግን አስተማሪዎቹ እርስ በርስ ሲጋጩ ማሳየት ነው። ቤት «ትልቅ ሰው ፊት ዝም በል» ይላል። ክፍል ውስጥ «ተሳተፍ፣ ሐሳብህን ተናገር» ይባላል። አንድ ልጅ ሁለቱን በአንድ ቀን ይዞ ይውላል።

ትምህርት ቤት ላይ ትንሽ ልቆይ። ፊሊፕ ጃክሰን በ1968 ስውር ሥርዓተ ትምህርት የሚል ሐሳብ አመጣ። ሰሌዳ ላይ ሒሳብ ተጽፏል። ልጁ ግን ሌላም ነገር እየተማረ ነው፦ በብዙ ሰው መሃል መኖር፣ በሰው ፊት መመዘን፣ ሥልጣን ላለው መታዘዝ፣ ተራ መጠበቅ። እጃችሁን አውጥታችሁ ሳትጠሩ የቀራችሁበትን ቀን አስታውሱ። የዚያን ቀን የሒሳቡን ትምህርት ረስታችሁታል። መጠበቁን ግን አልረሳችሁትም።

ፒየር ቡርዲዩ ደግሞ ይህ ሁሉ ሰውነት ውስጥ እንደሚቀር ያሳያል። አባቱ የገጠር ፖስታ ሠራተኛ ነበር፣ እሱ በ1981 ከፈረንሳይ እጅግ የተከበሩ የትምህርት ተቋማት አንዱ ለሆነው ኮሌዥ ደ ፍራንስ ተመረጠ። ስለዚህ ከአንድ ዓለም ወደ ሌላ መሻገር ምን እንደሚያስከፍል ያውቃል። ሀቢተስ የሚለው አቀማመጣችንን፣ አነጋገራችንን፣ «ይሄ ለእኔ ዓይነቱ ሰው አይሆንም» የሚለውን ስሜት ነው። የሴትየዋ እጅ ሀቢተስ ነው። ትልቅ ቢሮ ገብታችሁ ወንበሩ ጫፍ ላይ ብቻ ከተቀመጣችሁ እሱም ሀቢተስ ነው።

ሦስተኛው ንባብ፦ ማን ሆና? ማን ሆኖ?

እዚህ ላይ ደብተሩን ገልብጡና ከ1 እስከ 20 ቁጥር ጻፉ። እያንዳንዱ ቁጥር ፊት «እኔ … ነኝ» ብላችሁ ሙሉ። አታስቡ፣ አታርሙ። ማንፎርድ ኩንና ቶማስ ማክፓርትላንድ በ1954 ያቀረቡት ፈተና ነው። ማንነትን ለማጥናት ከዚህ የቀለለ መሣሪያ አላውቅም።

ስትጨርሱ መልሶቹን ለዩ። አንዳንዱ ማንም ሰው ሊያረጋግጠው የሚችል፣ በማህበረሰቡ ውስጥ ያላችሁ ቦታ ነው፦ ተማሪ፣ እህት፣ ነርስ፣ የበኩር ልጅ። አንዳንዱ ደግሞ የእናንተ ግምገማ ነው፦ ታጋሽ፣ ደካማ፣ ቁጡ። የመጀመሪያዎቹን እንደገና ክፈሏቸው። ራልፍ ሊንተን በ1936 እንዳስቀመጠው፣ አብሯችሁ የተወለደ ቦታ አለ፣ ሠርታችሁ ያገኛችሁት አለ። የበኩር ልጅነት የመጀመሪያው ነው፣ ነርስነት ሁለተኛው ነው። ከዚያ ምን እንዳልጻፋችሁ ተመልከቱ። ይሄ ነው በጣም የሚያስተምረው። አካል ጉዳት የሌለበት ሰው «እኔ በሁለት እግሬ የምሄድ ነኝ» ብሎ አይጽፍም። ማንም አስታውሶት አያውቅማ። ተሽከርካሪ ወንበር የምትጠቀም አንዲት ተማሪዬ ግን ቁጥር 3 ላይ ወንበሩን ጽፋ ነበር። «ለእኔ ቁጥር 15 ነው፤ ሰው ግን ከዚያ ስለሚጀምር ወደ ላይ አወጣሁት» አለችኝ።

ኤቨረት ሂዩዝ በ1945 ያስተማረው ይህንን ነው። ከብዙ ቦታዎቻችን አንዱ ሌሎቹን ይውጣቸዋል። የእሱ ምሳሌ በዘመኑ አሜሪካ የነበረ ጥቁር ሐኪም ነው። ሐኪምነቱ እያለ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ቀለሙን ነበር። ሌሎቹን የሚውጠውን ይህንን ቦታ ገዢ ደረጃ ብዬ ነው የምተረጉመው።

ቻርልስ ኩሊ በ1902 ሌላውን ሰው መስታወት አድርጎ ገልጾታል። ሦስት ደረጃ አለው። ሌላው ሰው ፊት ምን እንደምንመስል እንገምታለን። ያንን አይቶ ምን ብሎ እንደሚፈርድብን እንገምታለን። ከዚያ ኩራት ወይ ሐፍረት ይሰማናል። ልብ በሉ፣ ሁለቱ ግምት ናቸው። መስታወቱ ሊዋሽ ይችላል።

ለእኔ ዋሽቶኛል። በልጅነቴ አንድ አስተማሪ ለወላጆቼ «እሷ ዝምተኛ ናት» አሉ። ያን ሰሞን ዝም ያልኩት የጆሮ ሕመም ስለነበረብኝ ጥያቄው በደንብ ስለማይሰማኝ ነበር። ሕመሙ በወር ውስጥ ለቀቀኝ። ስሙ ግን አልለቀቀኝም። ቤት ውስጥ እንግዳ ሲመጣ «እሷ ዝምተኛ ናት» ይባላል። ክፍል ውስጥ እጄን ሳላወጣ ስቀር ማንም አይጠይቀኝም። ዝምተኛ ናታ። እኔም ቀስ በቀስ ሆንኩት። ከሃያ ዓመት በኋላ የመጀመሪያ ክፍለ ጊዜዬን ለማስተማር ስቆም ጉሮሮዬን የዘጋው ያ ቃል ነው። ሮበርት መርተን በ1948 ራሱን የሚፈጽም ትንቢት ያለው ይህ ነው። የእሱ ምሳሌ ባንክ ነው፦ ሊከስር ነው ተብሎ ይወራል፣ ሰው ገንዘቡን ሊያወጣ ይሮጣል፣ ደህና የነበረው ባንክ ይከስራል። ልጅ ላይም እንዲሁ ነው። እባካችሁ፣ ልጅ ስታስተምሩ «እሱ እንዲህ ነው» ከማለት «ዛሬ እንዲህ አደረገ» ማለትን ልመዱ። ከዚህ ጽሑፍ ሌላውን ሁሉ ብትረሱት አልከፋም።

ሚናን በተመለከተ ፈተና ላይ ሁልጊዜ የሚምታቱ ሁለት ቃላት አሉ። የሚናዎች ግጭት ሁለት ሚና ሲጋጭ ነው። ተማሪዎችን እየፈተንኩ ሳለ ልጄ ታማለች ተብሎ ቢደወልልኝ አስተማሪነትና እናትነት ተጋጩ። የሚና ጫና ደግሞ አንዱ ሚና ውስጥ ያለ ነው። አስተማሪ ሆኜ ተማሪዬን መርዳትም መመዘንም አለብኝ። ሁለት ኮፍያ ከሆነ ግጭት፣ አንድ ኮፍያ ጠቦ ከሆነ ጫና ብላችሁ ያዙት።

ኧርቪንግ ጎፍማን ይህንን ሁሉ እንደ መድረክ ነው የሚያየው። በስኮትላንድ ሸትላንድ ደሴቶች ጥናት ሲያደርግ የአንድ ሆቴል ሠራተኞች ኩሽና ውስጥ ሌላ፣ በሩን አልፈው እንግዶቹ ጋ ሲገቡ ሌላ ሲሆኑ ተመለከተ። የፊት መድረክና የጓዳ መድረክ አለን። አንድ ማታ ልጄን ጮክ ብዬ እየተቆጣሁ ስልክ ጠራ። አነሳሁና «አቤት፣ እንደምን አመሹ» አልኩ፣ በለሰለሰ ድምፅ። ስዘጋው ልጄ ትኩር ብላ እያየችኝ ነው። «እማዬ፣ አሁን ተናደሽ አልነበር?» አለች። ጓዳውን ከፊት ለፊቱ የሚለየውን በር ያየችው ያን ማታ ይመስለኛል። ተማሪዎች «ታዲያ የትኛው ነው እውነተኛው?» ይሉኛል። ሁለቱም። ትህትናዬም የእኔ ነው፣ ቁጣዬም የእኔ ነው።

«እኛ» የሚለው ማንነት ደግሞ ምን ያህል በቀላሉ እንደሚፈጠር ሄንሪ ታጅፌል አሳይቷል። በ1970 ገደማ በእንግሊዝ ብሪስቶል የ14ና የ15 ዓመት ልጆችን ስክሪን ላይ የሚታዩ ነጥቦችን ቁጥር አስገመተ። አብዝታችሁ የገመታችሁ፣ አሳንሳችሁ የገመታችሁ ብሎ ከፈላቸው። እውነቱን ለመናገር ክፍፍሉ ዕጣ ነበር። ከዚያ ለሌሎች ልጆች ገንዘብ እንዲያከፋፍሉ አደረገ። ማን እንደሆነ አያውቁም፣ ቡድኑን ብቻ ያውቃሉ። ለራሳቸው ቡድን አድልተው አከፋፈሉ። ታጅፌል የፖላንድ አይሁዳዊ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከፈረንሳይ ጦር ጋር ተማርኮ ፖላንዳዊነቱን ደብቆ ተረፈ። ሲመለስ ከቤተሰቡ አብዛኛው ተገድሎ ጠበቀው። በየትኛው ቡድን መቆጠር ሞትና ሕይወት እንደሚለይ ከመጽሐፍ አይደለም የተማረው።

መልስ ስትጽፉ

ሦስቱን ቃላት ለየብቻ አትግለጹ። አያይዟቸው። ባህል ደንቡን ያቀርባል፣ ሶሻላይዜሽን ያስገባዋል፣ ማንነት ደግሞ ደንቡ በማን ላይ እንዴት እንደሚሠራ ይወስናል። እያንዳንዱን አሳብ በአንድ ትዕይንት አስደግፉ። የጸሐፊውን ስም ከሐሳቡ ጋር እንጂ ለብቻው አትጻፉ፤ ስም ብቻ ነጥብ አያመጣም።

አንድ ጥንቃቄ አለ። ሁሉንም ነገር «ማህበረሰቡ ቀረጸው» ብሎ መደምደም ቀላል ነው። ዴኒስ ሮንግ በ1961 ሶሲዮሎጂስቶችን በዚሁ ወቅሷል፤ ሰውን ደንብ የተሞላ ዕቃ አደረጋችሁት ብሎ። ሰው ያምፃል፣ ይመርጣል፣ እያወቀ ይጥሳል። ስለዚህ መልሳችሁ ውስጥ ለዚህ ቦታ ተዉ። ሴትየዋ ቦርሳውን ባታነሳም ትችል ነበር።

ተማሪዬ ትዕይንቱን ሦስት ጊዜ ጻፈው። የመጀመሪያው ላይ ደንቡን አወጣ። ሁለተኛው ላይ እንዲህ ብሎ ጠየቀ፦ «ቦርሳሽን ጠብቂ ብሎ መጀመሪያ የነገራት ማን ይሆን? እኔን ለምን ማንም አላለኝም?» ሦስተኛው ላይ ወደ ራሱ መጣ። እሱ ረጅም ነው፣ ወጣት ነው፣ ያን ቀን ጃኬቱን ኮፍያው ድረስ ለብሷል። «አሮጊት ሴት ብሆን ኖሮ ቦርሳውን ታነሳው ነበር?» ሲል ጽፏል። ከሥሩ አንድ መስመር ጨምሯል፦ «ከዚያ ቀን ጀምሮ ኮፍያዬን አውልቄ፣ ሁለት ወንበር ትቼ ነው የምቀመጠው።»